የፓወር ባንኩ ጀርባ

ዓምደ ሚካኤል እንደሚለው፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ እነሱ ቤት ቻርጅ ሲደረግ ነው ያደረው። በወላጆች ቀን ጠዋት ለጵርስቅላ ሲያስረክባት ባትሪው ሙሉ ነበር። እሷ ግን ዝግጅቱ እስኪጀመር ድረስ ላይብረሪ ቁጭ ብላ የኮሪያ ድራማ ስታይበት ጨረሰችው።

ጵርስቅላ እንደምትለው፣ ላፕቶፑን ስትቀበል የባትሪው ምልክት ቀይ ነበር። «አልሞላኸውም እንዴ?» ስትለው «አቦ አታካብጂ! መብራት አለ አይደል?» አላት። የኮሪያ ድራማ እንደምትወድ አልካደችም። የዚያን ቀን ግን አንድም አላየችም።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ሁለቱም ይስማማሉ። ኤግዚቢሽኑ የተዘጋጀበት ክፍል በወላጆች ተሞላ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ማለትም የዓምደ ሚካኤል አባት፣ ወንበር ስበው ላፕቶፑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ወር ሙሉ የለፋበት ፊልም ተጀመረ፤ ከእንጦጦ ወርዶ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሚያልፈው ወንዝ የተሠራ ነበር። ወንዙ ገና ከዛፎቹ መሃል ብቅ ከማለቱ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም ወዲያው ተከተለ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የቀረው የአባትየው ፊት ብቻ ነበር።

ዓምደ ሚካኤል ቀድሞ ተናገረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የጵርስቅላ ተራ ሲደርስ አለቀሰች፤ ማልቀሷን ሁሉም ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠረው።

የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ገረሱ አልተቆጡም። «ለጊዜው ከማይኩ ረፍት ብታደርጊ ይሻላል» ነው ያሏት። ያ ከቁጣው ባሰባት። በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ዜና የምታነበው እሷ ነበረች። እናቷ እንኳ ሰፈር ውስጥ ስታስተዋውቃት «ማይኳ ልጄ» ነበር የምትለው። አሁን ዜናውን የሚያነበው ዓምደ ሚካኤል ነው። እሱ ማይኩን እፍ እፍ ሲል፣ ከኋላዋ አንዱ አይጠፋም።

«ሎው ባትሪ! ዛሬስ ቻርጅ አድርገሻል?»

ሰልፉ ይስቃል። ጵርስቅላ ዞር አትልም። ዓይኗን ማይኩ ላይ ተክላ፣ አንድ ቀን ይሄ ስም ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ ለራሷ ትነግረዋለች። እንዴት እንደሚመለስ ግን አታውቅም ነበር፤ ቲቸር ገረሱ ራሳቸው መንገዱን እስኪከፍቱላት ድረስ።

«ቅዳሜ እንጦጦ ላይ የክፍለ ከተማው የክበባት ውድድር አለ» አሉ፣ ሁለቱን ክበቡ ክፍል ጠርተው። «ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው፤ ሶኬት የሚባል ነገር የለም። ዳኞቹም ጎብኚዎቹም እየተዘዋወሩ ፊልሙን ያያሉ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ አርጅቷል፣ ሙሉ ቢሆን እንኳ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚሞላ ፓወር ባንክ እንገዛለን። ጵርስቅላ፣ ወንድምሽ ኤሌክትሪካል አይደል የሚማረው? አንቺ ትመርጫለሽ። ዓምደ ሚካኤል የክበቡ ሰብሳቢ ስለሆነ አብሮሽ ይሄዳል። ለመሞከሪያ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ያዙት።»

ሁለት የተጣላ ልጅ አንድ ታክሲ ውስጥ ቢገባ ታርቆ የሚወርድ መስሏቸዋል።

ወደ መገናኛ የሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ዓምደ ሚካኤል የላፕቶፑን ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አቅፎታል።

«ጵርሲ፣ አሁንም እንደተቀየምሽኝ ነው?»

«ስሜ ጵርስቅላ ነው።»

«እሺ ጵርስቅላ።» ሳቀ። ከዚያ ከፊታቸው የተቀመጡትን ሴትዮ በጨረፍታ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ባክሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ዲቫይደሩ ላይ ሰክቼው ተኛሁ። ዲቫይደሩን ማብራት ረስቼ። ጠዋት ሳየው ባዶ!»

ጵርስቅላ ወደ እሱ ዞረች። «ታዲያ ለምን እሷ ናት አልክ?»

«ፋዘር ፊቴ ተገትሮ! ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ደሞ አለፈ እኮ። አሁን ማን ያስታውሰዋል?»

«በየጠዋቱ ያስታውሱኛል።»

«ሎው ባትሪ የሚሉሽን ነው? ቀልድ ነው እሱማ።»

ስንት ጊዜ ሲያምን አስባው ነበር። በሐሳቧ ሁሌም ሰልፍ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማይኩ ውስጥ ነበር የሚናገረው። ጩኸት በበዛበት ታክሲ ውስጥ፣ ቤት ስለረሳው እርሳስ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ አይደለም።

«ለቲቸር ትነግራቸዋለህ?»

«አብደሻል? ከውድድሩ በፊት?» አለና ወደ ረዳቱ ጮኸ። «ወራጅ አለ!»

የመገናኛው ሕንፃ ውስጥ ሱቆቹ እንደ ክብሪት ቀፎ ተደርድረዋል። የገቡበት ሱቅ ሻጭ ከነሱ ብዙም የማይበልጥ፣ ስቴኪኒ የሚያኝክ ወጣት ነበር።

«ላፕቶፕ የሚሞላ ፓወር ባንክ አለ?» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«ላፕቶፕ?» ሻጩ በንቀት ሳቀ። «የኔ ወንድም፣ እኔ ጋ ያለው ሰፈር ይሞላል!»

ከመስታወቱ ሥር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፓወር ባንክ አወጣ። ፊቱ ላይ በትላልቅ አሃዞች 50000 ተጽፎበታል። ከመሳቢያ ደግሞ በአንድ በኩል የዩኤስቢ፣ በሌላ በኩል ክብ ጫፍ ያለው ገመድ መዘዘ። «ይሄን ገመድ እኔ እመርቃችኋለሁ።»

ዓምደ ሚካኤል ላፕቶፑን ከቦርሳው ሳያወጣ ክቡን ጫፍ ሰካበት። ልክክ አለ። ስልኩን ደግሞ በራሱ ገመድ ሲሞክረው ወዲያው መሙላት ጀመረ። «ሃምሳ ሺህ! አየሽ? አለቀ ደቀቀ።»

ጵርስቅላ ፓወር ባንኩን ተቀብላ ገለበጠችው። ወንድሟ ዋቅቶላ አምና እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር አይቶ ገዝቶ፣ ላፕቶፑን ሊሞላበት ሲታገል ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ለእናታቸው ስልክ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይገለበጣል። «ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ተዪው» ብሏታል። «ጀርባውን አንብቢ፤ ስንት ቮልት ያወጣል? የላፕቶፑ ቻርጀርስ ስንት ይላል?»

ጀርባው ላይ የተጻፈው ደቃቅ ነበር። በሁሉም ቀዳዳ የሚያወጣው አምስት ቮልት ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር አሥራ ዘጠኝ እንደሚል አስቀድማ አይታለች። ይሄ ስልክ ይሞላል። ላፕቶፑን ግን፣ ገመዱ ልክክ ቢልም፣ ንክችም አያደርገው።

ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ፣ ግራጫ፣ ሸክላ የሚያህል ሌላ ፓወር ባንክ ነበር። ቁጥሩ የጥቁሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጎኑ ላይ ግን ክብ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያው ጋር የልዩ ልዩ ላፕቶፕ ጫፎች የያዘች ትንሽ ከረጢት ታስራለች።

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

እንጦጦ ታያት። ብርዱ፣ ዳኞቹ፣ በዛፎቹ መሃል የሚያፏጨው ንፋስ። የባትሪው ምልክት ቀይ ይሆናል። ዓምደ ሚካኤል ሃምሳ ሺውን በኩራት ይሰካል። ምንም የለም። ነቅሎ ይሰካል። አሁንም ምንም። ስክሪኑ ይጠቁርና በላዩ ላይ የሚቀረው የገዛ ፊቱ ብቻ ይሆናል። ሰኞ ሰልፍ ላይ ደግሞ፣ ማይኩን እፍ ሲል፣ አንዱ ከኋላ ይጀምርለታል። መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ይበቃል። ጣፈጣት።

«እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። «መራጯ አንቺ ነሽ ተብሏል።»

«አንተ ከወደድከው እኔ ምን እላለሁ?»

«ተባረኪ! ይታሸግልን» አለ ለሻጩ። ከዚያ ስልኩን እየነካካ ቀጠለ። «ለማንኛውም ላፕቶፑ ጋ እኔ አልቆምም። ዳኞቹን የምቀበለው እኔ ነኝ። ላፕቶፑን ጸጋ ትይዘዋለች።»

ጸጋ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ክበቡን ከተቀላቀለች ወር አይሆናትም። ስብሰባ ላይ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፣ ገመድ ትጠቀልላለች፣ ወንበር ታስተካክላለች። ከክበቡ ልጆች ሁሉ ጵርስቅላን ሎው ባትሪ ብላ ጠርታት የማታውቅ እሷ ብቻ ናት። እንዲያውም በቀደም ጠጋ ብላ «ማይክ ስትይዢ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ነበር?» ብላ ጠይቃታለች።

«ቢጠፋስ?» አለች ጵርስቅላ።

«ምኑ?»

«ላፕቶፑ። ዳኞቹ ፊት ቢጠፋስ?»

ዓምደ ሚካኤል ትከሻውን ሰበቀ። «ጸጋ ናታ የያዘችው!» አለ። ከዚያ እየሳቀ ጨመረበት። «ፓወር ባንኩን የመረጥሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ተንኮል አልነበረበትም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። ጵርስቅላን ያቀዘቀዛት ይሄ ነው። እንጦጦን እንደገና አየችው፤ አሁን ግን እስከ መጨረሻው። ስክሪኑ ይጠቁራል። ዓምደ ሚካኤል ቀድሞ ይናገራል፣ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ የጸጋ ተራ ይደርስና ታለቅሳለች።

«ላፕቶፑን አውጣው» አለች።

«ለምን? ሞከርን እኮ።»

«ስልክህን ነው የሞከርከው። አውጣውና እዚህ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው። ቻርጀሩንም።»

ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ልክክ አለ። የቻርጅ መብራቱ ግን አልበራም።

«ትንሽ ይቆያል እሱ» አለ ሻጩ።

«ቢያድርም አይበራም። የኔ ወንድም፣ ይሄ የሚያወጣው አምስት ቮልት ነው። ቻርጀሩን አንብበው፤ አሥራ ዘጠኝ ይላል። እስቲ ያንን ግራጫውን አውርድልን።»

ሻጩ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ከከረጢቷ ያወጣችው የመጀመሪያው ጫፍ ጠበበ፤ ሁለተኛው ሰፋ። ሌላውን ስትሞክር ገባ፣ በላፕቶፑም ጎን ላይ ትንሽ ብርቱካናማ መብራት በራች።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለ ሻጩ፣ ስቴኪኒውን ከአፉ አውጥቶ።

ዓምደ ሚካኤል መብራቷን አየ፤ ከዚያ እሷን። «ጥቁሩ እንደማይሠራ ቅድም ገና ስትገለብጪው አውቀሻል።»

«አዎ።»

«አሽጎ ሲያስረክበኝ ዝም ልትዪ ነበር?»

«ዝም ብዬ ነበር።»

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ» አለች። መካድ አላማራትም።

ግራጫውን ገዝተው ኮተቤ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ሲመለሱ የላፕቶፑን ቦርሳ እሷ ያዘችው።

ክበቡ ክፍል ሲደርሱ ጸጋ ጥግ ላይ ገመድ ትጠቀልላለች። ቲቸር ገረሱ ግራጫውን ፓወር ባንክ አንስተው በእጃቸው መዘኑት። «ይሄማ ድንጋይ ነው! ይሠራል?»

«ሞክረነዋል ቲቸር» አለ ዓምደ ሚካኤል ፈጠን ብሎ። «አብረን ነው የመረጥነው።»

አሁንም ቀደመ። አሁንም ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቲቸር ገረሱ ፊታቸው በራ፤ ታክሲው ሥራውን የሠራላቸው መስሏቸው ሁለቱንም በየተራ አዩ።

«ጎበዞች! በሉ እንግዲህ። ጸጋ፣ ነይ ተረከቢ። እስከ ቅዳሜ ላፕቶፑም ፓወር ባንኩም አንቺ ጋ ይቀመጣሉ።»

ጸጋ ገመዱን አስቀምጣ፣ እጇን በዩኒፎርሟ ጠርጋ፣ ሁለቱንም መዳፏን ዘረጋች። የቦርሳው ማንገቻ ጵርስቅላ እጅ ላይ ነበር። አልለቀቀችውም። ዓምደ ሚካኤል ዓይኖቿን ፈልጎ አገኘና፣ ሌላ ሰው በማያይበት ሁኔታ፣ ራሱን በትንሹ ወዘወዘ። እባክሽ ማለቱ ነበር። የወላጆች ቀን ዕለት እሷም እንዲሁ አይታው ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን መልሶ ነበር።

እሷ ዓይኗን አልመለሰችም። ማይክ ስትይዝ እንደምታደርገው አንዴ ትንፋሿን ሳበች። ቦርሳውን ጸጋን አሳልፋ ዓምደ ሚካኤል ደረት ላይ አስጠጋችው፤ ሳይወድ ተቀበላት።

«ጸጋ አትረከብም ቲቸር» አለች። «የሚሞላውም እሱ ይሁን፣ እንጦጦ ላይ አጠገቡ የሚቆመውም እሱ ይሁን። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደግሞ ራሱ ይንገርዎት። እስኪነግርዎት ድረስ ከዚህ ክፍል አልወጣም።»