ከሚስባህ ስም ሥር

ኪሽሽሽ...

መጀመሪያ የተሰማው ይሄ ነው። ከቅሬ ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ሲከፈት የሚያሰማው።

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። መርሳ። ፈጥሮ ነው የሚለኝ ካለ፣ የዚያን ቀን መርሳ የዋለ ማንንም ሰው ይጠይቅ።

ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ተጠራርቶ የሚቀብረው ማኅበራችን ነው። ጠሪያችን ሼህ ኡበይደላ ነበሩ፤ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ። ጉሮሯቸውን መታመም ሲጀምሩ ግን፣ ድምፃቸው ሳይዘጋ፣ የአባሉን ሁሉ ስም በእሳቸው ድምፅ ቀዳሁና ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት በነፃ ነው ያወረድኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ፣ ከሰው ይልቅ ከስክሪን ጋር የምውል ልጅ ነኝ። ለአንዴ እንኳ የምጠቅም መስሎኝ ነበር።

ስሞቹ የሚገቡት በአንድ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ ነገር ግን የለውም። መመሪያው ያለው አንድ መስመር ብቻ...

"ከስም በፊት ያለ ክፍት ቦታ ትርጉም አለው።"

ምን ትርጉም? አልተጻፈም። የሠራውን ሰው በኢሜይል ጠየቅኩት። መልስ የለም።

እኔም እንደ ቅሬው መዝገብ አደረግኩት። አባወራውን ከዳር፣ ሚስቱን ከሥሩ፣ አራት ስፔስ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ። ሲያዩት ያምር ነበር።

ያን ሐሙስ አብዱልሐሊም የሚባል ጎረቤታችን ሞተ። ስሙን መረጥኩ።

"የአብዱልሐሊም ቀብር ነው... ውጡ።"

እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት።

"የዙልፋ ቀብር ነው... ውጡ።"

ዙልፋ ሚስቱ ናት። ደጅ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር።

"አንተ ዓሪፍ! ሴትዮዋን በቁሟ ልትቀብራት ነው?" ብሎ አንዱ ጮኸብኝ።

"ተወው፣ ኮምፒውተሩም እንደሱ ፈዛዛ ነው" አለ ሌላው። ለቅሶ ላይ ሆነው ሳቁ።

በዚያው ቀን፣ በአስር ሶላት ሰዓት ዙልፋ ሞተች። ምንም ሳያማት።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የክፍት ቦታው ትርጉም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከሥር የገባ ስም ከላዩ ያለውን ተከትሎ ይጠራል። ሮጬ ፋይሉን ከፈትኩ። ወደ ታች ወረድኩ... ወረድኩ...

ሚስባህ
    ዘይነባ

ዘይነባ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሚስባህ ወልድያ ሆስፒታል ከተኛ ሳምንት አልፎታል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል።

ስሟን ወደ ዳር አወጣሁት። ሴቭ አደረግኩ። መልሼ ስከፍተው... ተመልሳ ገብታለች።

አጠፋኋት። ተመለሰች።

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልኩት።

ማጉያው ግን... ኪሽሽ ማለቱን አልተወም።

ዓርብ ጠዋት ዘይነባ ለባሏ ልብስ ልትወስድ ከወልድያ መጣች። የዙልፋን ነገር ሰምታ ኖሮ በቀጥታ ቅሬ ቤት ገባች። ኮምፒውተሩን መልሼ ሰክቼ ስታገል ከኋላዬ ቆመች።

"ዓሪፍዬ... ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?" በሹክሹክታ።

"ዝም በይ። ላወጣሽ ነው።"

"እንዴት?"

"ሳጠፋሽ ትመለሻለሽ፤ ባዶ አይቀበልም። በቦታሽ የሌላ ሰው ስም ይፈልጋል።"

"የማን?"

ጣቴ ጻፈ... ሼህ ኡበይደላ።

አርጅተዋል፣ ታመዋል፣ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ይህን ሁሉ በልቤ ቆጥሬያለሁ።

ሴቭ። ፋይሉ ተቀበለው። የዘይነባ ስም ጠፋ።

"እሳቸውን?... ፊደል አስቆጥረው ቁርአን ያስቀሩህን ሰው?"

"አንቺን ልቅበር?"

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሼሁ ናቸው። "አሰላሙ ዐለይኩም ልጆቼ" አሉ፤ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

የዘይነባ ስልክ ጮኸ። ከወልድያ ነው። አዳመጠች... ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

እኔ ምንም አልነካሁም። በአላህ ስም፣ አልነካሁም።

ኪሽሽሽ...

"የሚስባህ ቀብር ነው... ውጡ።"

"የኡበይደላ ቀብር ነው... ውጡ።"

የራሳቸው ድምፅ ነው። በደህናው ጊዜ የነበረው፣ ጥርት ያለው። እኔ ግን የራሳቸውን ስም አስቀርጬያቸው አላውቅም።

ሼሁ ቀና ብለው አዩኝ።

"ማነው የጻፈኝ?"

"እኔ እንጃ አባባ... ማሽኑ ነው።"

ዘይነባ አየችኝ። አላለቀሰችም። የሼሁን ጫማ ከበሩ አንስታ እግራቸው ሥር አደረገች። እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

"ዘይኑ! የት ነው?... አንቺ እኮ ወጥተሻል!"

ተከትዬ እስከ በሩ ወጣሁ። ሁለቱም ወደ ወንዙ ወረዱ። በዚያ በኩል የእሷም ቤት፣ የእሳቸውም ቤት የለም፤ ያለው የቅሬው መቃብር ብቻ ነው።

ስሟ ሳይጠራ፣ ከፊት የምትሄደው እሷ ነበረች።