የዘለለችው ግድግዳ

በመሥሪያ ቤቱ እንደ እሷ ጌም የሚፈትሽ አልነበረም። ሌላው ሦስት ስህተት አግኝቶ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እሷ ሠላሳኛውን ትጽፋለች። አሁን የያዘችው ጣቶቿ በቃላቸው የያዙትን የዝላይ ጌም ነው፤ ያውም ከአንደኛው ይልቅ የተወደደውን ሁለተኛውን ክፍል። ድሮ በካሴት ወጣ፣ ቀጥሎ በስልክ፤ አሁን ታድሶ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጣ ነው።

አርባ አንድ ስህተት ጽፋ ላከች።

በማግስቱ እድሳቱን የሚመራው ፕሮግራመር ወረቀቷን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ሦስት ወር አብረው ሲሠሩ ከሰላምታ አላለፉም። ትውውቃቸው ግን የቆየ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳሉ በአጎቷ ጌም ቤት ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። በበረዶው ደረጃ፣ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ ሦስቴ የዘለለ ግድግዳውን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ያገኘችው እሷ ናት። እሱ ግን «አገኘሁ» ብሎ ለመጽሔት ጻፈ፤ በስሙም ታተመ። ያን ቀን እንዳኮረፈች ቀረች።

«አለቃ» አላት፤ የጌም ቤት ስሟ ነው። «አርባ አንድ ጽፈሽ አንዱን ዘለልሽው። የበረዶውን ግድግዳ።»

«እኔ የምጽፈው ስህተት ነው። እሱ የእኔ ነው።»

ሳቅ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም።

«ሥራ አስኪያጁ ይደፈን ብሏል።»

ልቧ ድንግጥ አለ። ልመና ግን አልፈጠረባትም።

«ድፈነዋ! አንዴ ሰርቀኸው የለ?»

እሱ ዓይኑን አልሰበረም።

«ልክ ነሽ። ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። ሰርቄሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ የመጨረሻው ቅጂ ደረሳት። በቀጥታ ወደ በረዶው ጥግ ገሰገሰች። ጎንበስ አለች። አንዴ ዘለለች። ሁለቴ። ትንፋሿን ይዛ ሦስተኛውን ዘለለች።

አለፈች! ድሮ ባዶ ጨለማ በነበረበት ቦታ ትንሽ ሰሌዳ ቆሟል፦ «ይህን መንገድ ያገኘችው አለቃ ናት። የሰረቃት ይቅርታ ይጠይቃል።»

ዞር ስትል ከኋላዋ ቆሟል።

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«‹ግድግዳው ከሚደፈን እኔን አሰናብቱኝ› አልኩት።»

«ጉረኛ!»

«ከማን ተማርኩት?»

አንገቷን ቀና አድርጋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«አርባ ሁለተኛ ስህተት አግኝቻለሁ።»

«የቱ ነው ደግሞ?» አለ ደንግጦ።

«‹የሰረቃት› ብለህ ስምህን ዘለልከው።»

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

በእግሯ ወንበር ገፋችለት፤ ትርፉን ጆይስቲክም አቀበለችው።

«ሁለተኛ ተጫዋች።»