አድራሻውን እስከ መጨረሻው ያላነበበው ወንድም

ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ «ተልኳል» የሚል ካየን ልባችን ያርፋል። ለማን እንደተላከ ግን ማን ያነባል? ይህ ልማድ አንድን ቤት ምን እንዳደረገው ልንገራችሁ።

በሰው አገር መርከብ የሚበይድ አንድ ሰው ነበር። ነገር ሁሉ ጥድፊያ ስለሆነበት ቤተሰቡ «ፈጣኑ» ይለዋል። እናቱ ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታላቅ እህቱ ጋር ይኖራሉ። የእናትየው የዓይን ግፊት ሲብስ ሐኪሙ «ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው ብርሃናቸው ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም» አለ። ፈጣኑም የሕክምናውን ወጪ ይፈጥናል ብሎ በክሪፕቶ፣ በበይነ መረብ በሚዘዋወረው ዲጂታል ገንዘብ፣ ላከ።

እህቱ ግን «አልደረሰኝም» አለችው።

«እትዬ፣ ተልኳል ይላል እኮ!»

«ይበል፤ እኔ ጋ ግን የለም።»

«ታዲያ መሬት ዋጠው? የእናትሽን ዓይን በላሽ! ከእንግዲህ ሰባራ ሳንቲም አልልክም!»

እህትየው ስልኩን ዘጋችው። በኋላ ደውላ ብትምል ብትገዘትም እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷ ከዚህም ከዚያም ተበድራ ቀዶ ጥገናው እስኪደረግ ወራት አለፉ። የቀኝ ዓይናቸው ተረፈ፤ እሱም ቢሆን ከጥላ በቀር አይለይም። የግራው ጠፋ።

ፈጣኑ ለዕረፍት ሲመጣ እህቱን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እናትየው ከስፌት መኪናው አጠገብ እንደተቀመጡ ጠሩት።

«ልጄ፣ ያ የላክኸው ነገር ተጽፎ ይቀመጣል አላልክም?»

«አዎ እማዬ። ብሎክ ውስጥ ተመዝግቧል። ማንም አይፍቀውም።»

«እንግዲያው አንብብልኝ። እኔ አላይም።»

አፈረ። እሱም ከፍቶ አይቶት አያውቅም ነበር። ከፈተና ያነብላቸው ጀመር። ብሎክ ማለት የብዙ ሰው ዝውውር ባንድነት የሚታሸግበት ጥቅል ነው፤ ቁጥር አለው፣ የታሸገበት ቀንና ሰዓት አለው፣ ከእሱ በፊት የታሸገውን ብሎክ ማኅተምም ይይዛል። በውስጡ የእሱ ዝውውር ከነመጠኑና ከነአገልግሎት ክፍያው፣ ከላኪውና ከተቀባዩ አድራሻ ጋር ተጽፏል።

«የእህትህ ስም አለ?»

«ስም አይጻፍበትም እማዬ። ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ ብቻ ነው።»

«እሱንም አንብበው። አንቺም ልጄ፣ ያንቺን አድራሻ አውጪና ተከታተዪው።»

«መጀመሪያውና መጨረሻው ልክ ነው፤ ሁሌም እሱን አያለሁ።»

«መሐሉንስ?»

አንድ በአንድ ማንበብ ያዘ። ጥቂት እንደሄደ እህቱ አስቆመችው።

«እኔ ጋ ሰባት ነው የሚለው።»

«እኔ ጋ... ዘጠኝ።»

የሚቀጥለውም ተለያየ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፈጣኑ ቀደም ሲል ለእህቱ ልኮላት ያውቃል። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ይህን ያየ አጭበርባሪ፣ ጫፍና ጫፉ የእህቱን የሚመስል አድራሻ ሠርቶ ኢምንት ገንዘብ ላከለት። አድራሻው ከቀድሞዎቹ ዝውውሮች ጋር ተሰልፎ ሲታይ ፈጣኑ የእህቱ መስሎት ቀዳው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ብሎክ ውስጥ የታሸገ ገንዘብ ግን መልቀሚያ የለውም።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ሌባ ዘረፈኝ፤ እኔ ደግሞ ባንቺ ላይ...»

«ገንዘቡን ሌባው ወሰደው» አለች እህቱ፣ እንባዋ እየወረደ። «ግን በዚያው ቀን ይህን ከፍተህ አንብበኸው ቢሆን፣ አንተ ሌላ መላክ ትችል ነበር። የእማዬ ዓይን ሌባው ጋ አይደለም ያለው።»

ፈጣኑ እህቱን የጠረጠረው ማስረጃ አጥቶ ሳይሆን፣ ማስረጃውን ኪሱ ይዞ ሳያነበው ነበር።

ወገኖቼ፣ ከመላካችሁ በፊት አድራሻውን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከላካችሁ በኋላም የተመዘገበውን ተመልከቱ። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ደግሞ እንደገና አንብቡት።

ፈጣኑ ከእናቱ እግር ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። እናትየው በግራቸው በኩል ስለነበር አላዩትም። እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ፈለጉት።