ኩሬው የማያኖራቸው እጮች

ሽማግሌው ተመራማሪ በምርምር ጣቢያው ኩሬ ዳር በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር ነው። ምክትል ኃላፊው መርማሪዋን በር ላይ ተቀብሎ ሳትጠይቀው ያስረዳት ጀመር። አዛውንቱ በማለዳ ናሙና ሊቀዱ ወርደው አዳልጧቸው ሰምጠዋል፤ የዕድሜ ነገር ነው። ስለ ሥነ ምህዳር የጻፈውን ወፍራም መጽሐፍም በዚያው አስጨበጣት። ጫማው ፊት ያሳያል። ይህ ሰው ጭቃን የሚያውቀው በወሬ ነው ስትል ናቀችው።

የሟቹን ቦቲ ስትገለብጠው ከአሸዋ ጋር ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ጭራ እጮች ወጡ። በብልቃጥ ከትታ፣ የግቢው ቁልፍ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠየቀች። የሟቹ ሚስት ወንድም የሆነው ጥበቃ፣ ለዓሣ ማጥመጃ ከግቢው በታች ካለው ወንዝ ድንጋይ ሥር የሚለቅመው መሆኑን ነገራት። የላቦራቶሪዋ ሠራተኛም እንባዋን እየጠረገች የወንዝ ነው አለች። ምክትሉ ግን በጨረፍታ አይቶ፣

«የኩሬ ትል ነው፤ እዚህ ሞልቷል» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ስብሰባ ክፍል አስቀመጠቻቸው።

«እነዚህ እጮች ኦክስጅን በበዛበት ወራጅ ውሃ እንጂ አይኖሩም። ኩሬው ውስጥ የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክስጅኑን ይጨርስባቸዋል። ስለዚህ አዛውንቱ የሰመጡት ወንዙ ላይ ነው። ወደዚህ ያመጣቸው ገዳያቸው ነው።»

ምክትሉ ፈገግ ብሎ፣ ይህን ማንም ሊያደርገው እንደሚችል ተናገረ።

እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችው መርማሪ «አንተ» አለችው።

«ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ቢሆን ቦቲውን ያራግፍ ነበር፤ የወንዝ መሆኑን ያውቃሉና። የተወው የማያውቀው ሰው ነው። አንድ ፋብሪካ ወንዙን እንዲጠልፍ፣ ሕይወት የሌለበት ውሃ ነው ብለህ ሳታየው ፈረምክ። ሽማግሌው ሕያው መሆኑን ላሳይ ብለው ትናንት ወረዱ፤ ከዚህች ልጅ ሰምተህ ተከተልካቸው።»

ሠራተኛዋ አንገቷን ደፍታ እሷው እንደነገረችው አመነች።

«የመኪናህን የኋላ ዕቃ መጫኛ አስከፍቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ምንጣፉ ላይ የሳቸው ፀጉርና ሦስት እጮች ተጣብቀዋል።»

ምክትሉ ለአንድ ትል ይህ ሁሉ ብሎ አጉረመረመ።

ጥበቃው ባርኔጣውን አወለቀ። «የተማረ ይግደለኝ ሲባል እሰማ ነበር» አለ። «ይኸው፣ የተማረ ገደላቸው።»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ ምክትሉን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የት ተምሮ?» አለች።