ለተቀበረው ጭስ ዋስ

ሀፍሷ ሱፍያንን ያወቀችው በማስነጠሱ ነው። በርበሬ በረንዳ ካለው ከአባቷ ሱቅ ለእናቱ በርበሬ ሊገዛ ገብቶ ዋጋ ጠየቀ፤ መልሱን ሳይሰማ ማስነጠስ ጀመረና ዕንባው እስኪወርድ አላቆመም። ሀፍሷ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። አንዲት እናት ይህን ሁሉ በርበሬ እንደማትጨርስ አባቷ ጋሽ ባህረዲን ገብቷቸዋል፤ ሆድ ይፍጀው ብለው መመዘናቸውን ቀጠሉ።

ሱፍያን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ነበር። በየስብሰባው አረንጓዴ ልማት የሚባልበት ጊዜ ነው፤ እሱም ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወጣውን ጋዝ አፍኖ ከመሬት በታች ለመቅበር ለታሰበ ፕሮጀክት ደንብ ያረቅቃል። ሀፍሷ ጭስ እንዴት እንደሚቀበር ጠየቀችው። መቅበሩን መሐንዲሶች ያውቁበታል፣ የእኔ ራስ ምታት ሌላ ነው አላት።

«እዚህ በረንዳ ያለ ዋስ ዱቤ ይሰጣል?»

«ማን ሞኝ አለ?»

«እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው። የተቀበረው አንድ ቀን አፈትልኮ ከላይ ያሉትን ገበሬዎች ቢጎዳ፣ ዋሱ የቀበረው ኩባንያ ነው።»

ያቺን አንቀጽ ኩባንያው አልወደዳትም። የሱፍያን አለቃ ጓንጉልም እንድትወጣ አዘዘ፤ እስከ ዓርብ ካልወጣች «ፀረ-ልማት» ተብሎ ስሙ ለጸጥታ ሰዎች እንደሚተላለፍ በፈገግታ ነገረው። ከእሱ በፊት እንዲህ የተባለው ደመቀ የሚባል ባልደረባው ነበር። አንድ ማለዳ ከቤቱ ወሰዱት፤ የት እንዳለ እስካሁን ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

ሀፍሷ ይህን የሰማች ዕለት እህል ከአፏ አልገባም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እሱ ፈርቶ ለእሷ ቢኖርላት ምን ነበረበት? አውጣት፣ ብቻ ኑርልኝ ልትለው ተነሳች። ዓይኑን ስታይ ግን ልመናዋን ተወች። የወደደችው ይህንኑ እምቢ ባይ ሰው ነው።

ዓርብ ደጋግማ ብትደውል ስልኩ አይነሳም። የጁምዓ ሰጋጅ ከአንዋር መስጊድ ተርፎ መንገዱን ሞልቷል። ሰላቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን፣ ሱቁ ደጃፍ ቆማ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አየች። ሰዉ ከሳሳ በኋላ ሱፍያን ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ፌስታሉ ውስጥ የቢሮ ዕቃው አለ።

«አላወጣኋትም» አላት። «እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሀፍሷ ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች። ጋሽ ባህረዲን እንደ ወጉ፣ ልጄ ብትበደል የምይዘው ዋስ ለዚህ ልጅ ማን ይሆናል ብለው ጠየቁ። በደህናው ጊዜ ሽማግሌዎቹ እኔ እኔ እያሉ ይሻሙ ነበር። አሁን ግን ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል፤ ለፀረ-ልማት ዋስ ሆኖ ስሙን የሚያስጽፍ ጠፋ። አንዱ ምንጣፉን ያያል፣ ሌላው መቁጠሪያውን ያሻል። ደጅ መኪና ቆመ። ተነስቶ እስኪርቅ ድረስ ሁሉም በሩን ያዩ ነበር።

ሀፍሷ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና መሐል እንደማትገባ ታውቃለች።

«ዋሱ እኔ ነኝ፣ አባ።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ጋሽ ባህረዲን ልጃቸውን አዩዋት። እሳቸውም ፈርተዋል።

«ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም፤ ወጉ አይፈቅድም» አሏት ቀስ ብለው። «እኔ እሆነዋለሁ።»

ከዚያም ተነስተው የውጭውን በር ከውስጥ ቀረቀሩና፣ ሽማግሌዎቹን ለሁለቱ ልጆች ዱዓ አድርጉላቸው አሉ።