የቅድስት ኦድሪ ሪባን

«ቶድሪ ማለት ብልጭልጭ ግን ርካሽ ጌጥ ማለት ነው» አለች ሳያት ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ። «ምሳሌ ካስፈለጋችሁ ቱላ ገበያ ሂዱና የሩሀማን እናት መደብ እዩ።»

የጠዋቱ ሰልፍ በሳቅ ፈረሰ። ሲያዛጉ የነበሩት ሳይቀሩ አንገታቸውን እያስረዘሙ ሩሀማን ፈለጓት። ሩቅ መፈለግ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ መድረኩ ላይ ከሳያት ጎን፣ የራሷን ወረቀት ይዛ፣ ተራዋን እየጠበቀች ቆማለች።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስለ ታይታ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነመነሻቸው ያዘጋጁት ሁለቱ ናቸው። ፍላምቦያንት ነበልባል ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ፣ ሐዋሳ መንገድ ዳር የሚያብበውን ቀይ የድሬዳዋ ዛፍም በዚሁ ስም እንደሚጠሩት ያገኘችው ሩሀማ ናት። ቶድሪንም ያገኘችው እሷው። ኦድሪ የምትባል የጥንት እንግሊዝ ቅድስት ነበረች፤ በልጅነቷ የአንገት ጌጥ ትወድ ነበር ይባላል። በመታሰቢያዋ ቀን በሚቆመው ገበያ የአንገት ሪባን በስሟ ይሸጥ ነበር። ኋላ ሪባኑ እየረከሰ ሲሄድ ስሟም፣ «ሴንት ኦድሪ» በጥድፊያ ሲጠራ «ቶድሪ» ሆኖ፣ መናቂያ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ስታነብ፣ ሳያትን ለማሳቅ ብላ፣ «ይሄማ የእማዬ መደብ ነው» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሳያት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሩሀማም አብራት ሳቀች። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላት ይኸው ነበር፤ ድንጋዩን ያቀበለቻት ራሷ ናት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ከመደቧ ምርጡን ሪባን፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ሐምራዊ፣ ፀጉሯ ላይ አስራላት ነበር። «ማይክ ልትይዢ አይደል? ከሩቅ ይታይልሽ» ብላ። ሩሀማ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ፈታ ኪሷ ከተተችው።

«ቀጥይ ሩሀማ» አሉ የእንግሊዝኛ መምህሩ ቲቸር ኢብራሂም፣ ሰልፉን በእጃቸው ዝም እያሰኙ።

ሳያት ማይኩን ስታቀብላት «ለቀልድ ነው ባክሽ፣ አታካብጂ» ብላ አንሾካሾከች።

የሩሀማ ቃል ኦስተንቴሽን፣ ታይታ፣ ነበር። «ከላቲን የመጣ ነው» ብላ ጀመረች። «መነሻው ዘርግቶ ማሳየት ነው። ሰው እንዲያይ ተብሎ።»

ቀጥሎ ምሳሌ ነው። ምሳሌውም አጠገቧ ቆሟል። ሳያት በየእረፍቱ ጆሮዋ ላይ የምትለጥፈው ባለ ሦስት ካሜራ ስልክ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ይህን የምታውቀው ሩሀማ ብቻ ናት፤ ለማንም ላትናገር ቃል ገብታለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሳያትም ገብቷታል መሰል፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቶ ኪሷን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

ከዳችኝ፣ አለች ሩሀማ በልቧ። እኔስ እማዬን?

እጇን ኪሷ ከተተች። ሪባኑን አወጣችና ከፍ አድርጋ ዘረጋችው፤ ወርቃማው ጠርዝ በጠዋቱ ፀሐይ አብለጨለጨ።

«ምሳሌው ይኸው» አለች። «ከእናቴ መደብ ነው። አፍሬበት በር ላይ ፈትቼው ነበር።»

ከዚያ ማይኩን ብብቷ ውስጥ ይዛ፣ ሁሉም እያያት፣ ፀጉሯ ላይ አሰረችው። አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ።

ማይኩን ለቲቸር ኢብራሂም መልሳ ስትወርድ ሳያት ከኋላዋ ደረሰች። «ሩሁ፣ ስለ ስልኩ ስላልተናገርሽ…»

«አልናገርም። ቃል ገብቻለሁ» አለች ሩሀማ ሳትዞር።

ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሁለቱ ቦታ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ነበር። ሳያት እዚያ ሄዳ፣ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ትታ ቆመች። ሩሀማ ከፊት፣ ስማቸውን እንኳ በደንብ ከማታውቃቸው ልጆች መሀል ገባች።