የነፍሰ ጡሯ የበረራ ደብዳቤ

ሐኪሙ ሞቶ የተገኘው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ክፍሉ፣ በምርመራ አልጋውና በጠረጴዛው መካከል በደረቱ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ነርሷ ጮኸች፤ መዝገብ ያዡ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ኮሪደሩ ላይ የነበረችው ነፍሰ ጡር ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ሟቹ አልነበረም። በልቧ «በቃ፣ ዛሬም ቀረሁ» ነው ያለችው።

አይፈረድባትም። ክሊኒኩ ለመንገደኞች የጤና ማረጋገጫ የሚሰጥ ነው፤ እሷም ያችን ደብዳቤ ፍለጋ እግሯ እስኪቀጥን ስትመላለስ ይህ ሦስተኛዋ ነው። መቅጠኑስ ቀርቶ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። ከዘጠኝ ቀን በፊት የተሰጣትን ደብዳቤ አየር መንገዱ «ደረቅ ማህተም የለበትም» ብሎ መለሰባት። ልታስመታ ስትመጣ ሥራ አስኪያጁ ተቀበላት። አንድ ስሕተትም እንዳለበት ብታስረዳው «እኔ ጋ ይቆይ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ብትደውል፣ ብትለምን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ደብዳቤው የሚያገለግልበት ሰባት ቀን በዚሁ አለፈና እንደገና መመርመር ግድ ሆነባት።

ነገ ሠላሳ ስድስት ሳምንት ይሞላታል። ከነገ ጀምሮ የሐኪም ቀርቶ የመልአክ ደብዳቤ ብታመጣ አየር መንገዱ አያሳፍራትም። እናቷ ግን በሰው አገር ሆስፒታል ተኝታለች፤ ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሞቹ ተስፋው ግማሽ በግማሽ ነው ብለዋል። የዛሬው የዘጠኝ ሰዓት በረራ ካመለጣት እናቷን ዳግም ላታያት ትችላለች።

ደግነቱ ደብዳቤው እጇ ገብቷል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ያዡ በመስኮቱ አቀበላት። ደረቅ ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሌላውን ለማንበብ እንኳ ትዕግሥት አልነበራትም። ያኔውኑ ወጥታ ሄዳ ቢሆን! ግን አየር መንገዱ ሁለት ኮፒ ይፈልጋል፤ የክሊኒኩ ኮፒ ማሽን ደግሞ ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ። ማሽኑ እስኪስተካከል ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ ነው ጩኸቱ የተሰማው።

መርማሪዋ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ጡረታ የተቃረበች አጭር ሴት ናት። «እስቲ ይድገሙልኝ» ሳትል የምትውልበት ቀን ስለሌለ ባልደረቦቿ በዚሁ ይጠሯታል። አስከሬኑን አየች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ባለው የደረቅ ማህተም መምቻ ብረት ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ሲኖረው እሱ ብቻ ተወልውሏል። ከሟቹ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ ፖሊስ አቆመች።

«አውሮፕላን አለብኝ እኮ!» አለች ነፍሰ ጡሯ።

«ገብቶኛል እህቴ። ቶሎ ከተነገረኝ ቶሎ እለቅዎታለሁ።»

መጀመሪያ ነርሷን ጠየቀች።

«ከሦስት ተኩል ጀምሮ ክትባት ክፍል ነበርኩ። ከእነልጆቹ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ስከትብ ነው የቆየሁት። የሕፃናቱን ለቅሶ ያልሰማ ጎረቤት የለም።»

ቀጥሎ መዝገብ ያዡን።

«ሐኪሙ የጨረሰውን ደብዳቤ ክፍሎቻችንን በሚለየው ግድግዳ ላይ ባለችው ሳጥን ይጥልልኛል። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ አነሣለሁ።»

«ለምን በየግማሽ ሰዓቱ?»

«አንድ ቀን ቶሎ ከሰጠሁ ባለጉዳይ ሁሉ ሁልጊዜ ቶሎ ይለኛላ!»

ነፍሰ ጡሯ ይህን ሰምታ የስልኳን ሰዓት አየች።

ሥራ አስኪያጁ፣ የሟቹ የእህት ባል፣ ተጠርቶ መጣ። «አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አራት ከሩብ ላይ አየር መንገዱ ቢሮ ስብሰባ ገብቼ ነበር፤ ስምንት ሰው አይቶኛል» አለ፣ ክራባቱን እያስተካከለ።

ተራው የነፍሰ ጡሯ ሆነ። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸና የአራት ዓመት ልጇ «እማዬ፣ አውሮፕላኑ መጣ?» አለቻት። ቶሎ ዘጋችው።

«እርስዎ የሐኪሙ በር ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። በዚህ በኩል የገባ ሰው ነበር?»

«ማንም አልገባም።»

«እርስዎስ? መረመረዎት?»

እውነቱ፣ ማንም አልመረመራትም። ስሟ ሳይጠራ ደብዳቤው በመስኮት መጣላት፤ እሷም ዕድሏ ነው ብላ ዝም አለች። ይህን ከተናገረች ደብዳቤው ብጣሽ ወረቀት ነው።

«አዎ፣ አይቶኛል» አለች። «አራት ከሩብ ላይ።»

መርማሪዋ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለቻት። ደገመችላት። ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ተቀብላ አየችው፤ የተፈረመበት ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። ሐኪሙ በዚያ ሰዓት በሕይወት ከነበረ ሥራ አስኪያጁ የለበትም። የሐኪሙ ክፍል ሁለተኛው በር የሚወጣው መዝገብ ያዡና ሥራ አስኪያጁ ወደሚጋሩት የጓሮ መተላለፊያ ነው። የቀረው መዝገብ ያዡ ብቻ ነበር፤ ፖሊሱ በካቴና አሰረው።

«እኔ ከመስኮቴ ንቅንቅ አላልኩም! ኧረ በልጆቼ!»

ነፍሰ ጡሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። የበረራው ምዝገባ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ደብዳቤውን ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ነፍሰ ጡሯ በያንዳንዱ ቃል ደሟ ይፈላል።

«ደም ግፊት 110 በ70። ክብደት 71 ኪሎ። እርግዝና፦ የመጀመሪያ።»

«አሁንም የመጀመሪያ?» ነፍሰ ጡሯ ከወንበሯ ተነሣች። «ያኛውም እንዲሁ ነበር የሚለው! ሁለተኛዬ ነው፣ ልጅ አለችኝ፣ አስተካክሉልኝ ብዬ ጮኼያለሁ እኮ! በዚህ ቤት የሚሰማ ሰው የለም?»

«እስቲ ይድገሙልኝ። ለማን ነው የነገሩት?»

«ለእሳቸው!» አለች ሥራ አስኪያጁን እያሳየች። «ደብዳቤውንም እሳቸው ናቸው የያዙብኝ።»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «የሕክምና ካርዷ ምን ይላል?»

«ሁለተኛ። ደብዳቤው እንደወጣ ሐኪሙ ስሕተቱን አይቶ ካርዱ ላይ ራሱ አርሞ ፈርሞበታል።»

«መዝገቡስ?»

«ሁለተኛ» አለ መዝገብ ያዡ።

«እንግዲህ ስሕተቱ ያለው በአሮጌው ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። ፖሊሱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደርሶ ከመሳቢያው ያወጣውን ወረቀት አቀበላት። «ይኸው። 110 በ70፣ 71 ኪሎ፣ የመጀመሪያ። መውለጃዋ ተቃርቦ በዘጠኝ ቀን አንዲት ግራም ያልጨመረች ነፍሰ ጡር እኔ አይቼ አላውቅም። አዲሱን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ከዚህ ላይ ነው የገለበጠው።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሳቀ። «ሐኪሙ አይቶኛል ብላለች እኮ! በገዛ አንደበቷ!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ሐኪሙ ከፈረመው ደብዳቤው የእርስዎ ነው፤ ፎቶ አንሥቼ እሰጥዎታለሁ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ካልፈረመው ግን ማስረጃ ነው፤ እኔ ጋ ይቀራል።»

ነፍሰ ጡሯ እናቷን አሰበች። ከዚያ የመዝገብ ያዡን የታሰሩ እጆች አየች። እንደዛሬ ጠዋቱ ቢሆን ያንን ልብ አውልቅ ሰው ራሷ ብታስረው ደስታዋ ነበር።

«አልመረመረኝም» አለች። «ዋሽቻለሁ። ዛሬ ሐኪሙን በዓይኔም አላየሁት።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ከአየር መንገዱ ለሐኪሙ የተጻፈ ነው፤ ባለፈው ወር በእሱ ፊርማ የተሳፈረች እናት አየር ላይ ወልዳ ሕፃኑ እንዳልተረፈ ይገልጻል። የዚያች እናት ደብዳቤ ኮፒ ተያይዟል። ሐኪሙ ፊርማውን በቀይ ከብቦ «የእኔ አይደለም» ብሎ ጽፎበታል።

«ለስንት ሴት ሳትመረመር በሐኪሙ ስም ደብዳቤ እንደሰጡ በኋላ እንቆጥራለን» አለች ሥራ አስኪያጁን። «ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ይህን ወረቀት አሳየዎት፤ ለፖሊስ ልሰጥ ነው አለዎት። በጓሮው በር ገብተው፣ ጀርባውን ሲሰጥዎት በዚያ ብረት መቱት። ከዚያ ወረፋ ላይ ላለችው ሴት ደብዳቤ ጻፉ፤ ሰዓቱን ወደፊት ገፍተው፣ ብረቱን ወልውለው፣ በዚያው ብረት ማህተም መቱላትና ሳጥኗ ውስጥ ጥለው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በፊት እንደማይነሣ ያውቃሉ። የማያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይህች ሴት ምን ብላ እንደጮኸች። ሰምተዋት ቢሆን ስሕተቱን ባልገለበጡት።»

ነፍሰ ጡሯ ማህተሙን የዳሰሰችበትን ጣት ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

ካቴናው ከመዝገብ ያዡ እጅ ወጥቶ የሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ገባ።

እናቷ ጋ ስትደውል ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ሐኪም ሳያይሽ ልትሳፈሪ ነበር?» አለች እናቷ።

«አዎ እማዬ።»

«ለእኔ ብለሽ?»

«ለአንቺ ብዬ።»

«እኔ ነገ የምቀደደው ለምን ይመስልሻል? ሆድሽ ውስጥ ያለውን ልጅ ላቅፍ ብዬ ነው እንጂ! በይ ዝም ብለሽ እዛው ቁጭ በይ። ሐኪም ሳያይሽ ደግሞ እንዳትደውይልኝ!»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያናድዳት ውሏል፤ ያለቀሰችው ግን አሁን ነው። ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ነርሷን ጠራቻትና፣ በዚህ አካባቢ ሌላ ሐኪም ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት።